የተጣለ ሃይላንድ ቤት ያሞቃል? ከምናለሽ ተራ እስከ ኮርኒሱ

[ምስል፦ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። የተከመረ ጀሪካን፣ በጆንያ የታጨቀ ሃይላንድ።]

ይሄ ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ ከሚሰበስበው ብዙው እዚህ ይደርሳል። ደህናው ጀሪካን ታጥቦ እንደገና ይሸጣል። የተሰበረ ባልዲና ሳፋ ለብቻው ይከመራል። ሃይላንዱ ተጨፍልቆ ጆንያ ውስጥ ይገባል። እዚህ የሚሠሩ ሰዎች ፕላስቲክን በእጃቸው ዳብሰው፣ በዓይናቸው አይተው ዓይነቱን ይለያሉ። ትልቅ ሙያ ነው፤ የሚገባውን ክብር ግን አላገኘም።

ዛሬ የምናየው ይህ ፕላስቲክ የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የቤቱ አካል ሲሆን ምን እንደሚጠቅም ነው። በተለይ ሌሊት ብርድ ለሚገባበት ቤት።

[ምስል፦ አራዳ። የተጠጋጉ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከላይ ሲታዩ።]

ኃይል ቆጣቢ ቤት ሲባል ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው አብዛኛው ምክር የሌላ አገር ነው። እዚያ ወጪው ኤሲ ነው፣ ወይም የክረምት ማሞቂያ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አሮጌ የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቅታል፤ ንጋት ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ተደራርቦም አይበቃም።

ብርዱ ሲብስ ከሰል ይገባል፣ በር ይዘጋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። በዚህ ምክንያት እንደተኙ የቀሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሙቀት የሚይዝ ቤት እኛ ጋ የቆጣሪ ሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሙቀቱ የሚወጣው በየት ነው? ፎቅ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ዋናው መውጫ ከጭንቅላታችን በላይ ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከውጭው አየር እንኳ በላይ ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ከሥሩ ብታዩት አልቦታል። ከትንፋሻችንና ከማብሰያው የወጣው እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል የሆነው። አንዳንዴ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሰው ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስለዋል።

[ምስል፦ በሥዕል የተሠራ ጣሪያ። ቀያይ ቀስቶች ወደ ላይ ሲወጡ።]

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ኮርኒስ የሌለው። ውስጥና ውጭ በ10 ዲግሪ ይለያያሉ እንበል። በግምት 1,400 ዋት ሙቀት በጣሪያው ይወጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ ሙቀቱን ለሰማይ እንደመስጠት ነው። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስተር ፋይበር ቢነጠፍስ? ወደ 140 ዋት ገደማ ይወርዳል። አንድ አስረኛ!

ፋይበሩ ምንድን ነው? ትራስ ውስጥ የሚሞላው ነጩ ነገር ነው። ሃይላንድ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ይቀልጣል፣ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ተገፍቶ ክር ይሆናል። ክሩ ሲባዘት በመሀሉ አየር ይይዛል። ሙቀቱን በዋናነት የሚያግደው ይህ መንቀሳቀስ ያቃተው አየር ነው። የቀኑን ሐሩርም በዚያው መንገድ ያስቀረዋል። በክረምት ደግሞ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጩኸቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንሂድ። ከፕላስቲክ ቆሻሻ የግድግዳ ብሎክ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኒሴፍ ከአንድ የኮሎምቢያ ድርጅት ጋር ሆኖ አይቮሪ ኮስት ውስጥ ከፕላስቲክ ጡብ የመማሪያ ክፍሎችን የመሥራት ሥራ ጀምሯል። በከተማችንም ቅዱስ አስፋው የመሠረተው ኩቢክ የተባለ ኩባንያ እርስ በርሱ የሚገጣጠም የግድግዳ አካል ከፕላስቲክ ቆሻሻ ያመርታል። እንዲህ ያለው ብሎክ እርስ በርሱ ስለሚነክስ በየመሀሉ የሲሚንቶ ሞርታር አይፈልግም። ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ አካባቢ ከሚጋገር ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ፣ እሱን መቀነስ ብዙ ነዳጅ መቀነስ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ለአዲስ አበባ አየር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ስስ የፕላስቲክ ግድግዳ ሙቀት ያግዳል እንጂ ያን ያህል አያከማችም። እንዲህ ያለ ቤት ወለሉ ወፍራም ሊሾ ቢሆንና ፀሐይ በመስኮት ቢያርፍበት፣ ማከማቸቱን ወለሉ ይሠራዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ደህና የጭቃ ግድግዳ ያለው ሰው ግድግዳውን አያፍርስ። ገንዘቡን ጣሪያው ላይ ያውል።

[ምስል፦ ኮርኒስ ውስጥ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ገመድ።]

እሳትስ? ይህ መታለፍ የሌለበት ጥያቄ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም አይተናል። በተጠጋጋ ሰፈር አንድ ቤት ብቻውን አይቃጠልም። ፕላስቲክ ደግሞ ይነዳል፣ ቀልጦም ይንጠባጠባል። ስለዚህ ብሎክ የሚሸጥላችሁን ሰው የእሳት ፍተሻ ውጤቱን በወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካላሳየ ተዉት። ግድግዳው ይለሰን። ፋይበሩ ከሥሩ በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈን፤ ጂፕሰም በውስጡ ውኃ ስለያዘ እሳትን ያዘገያል። ገመዱ በኮንዲዩት፣ ማለትም በገመድ ማሳለፊያ ቱቦ፣ ይለፍ። ልስን ወይም ቀለም ያልነካው ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከከረመም ይሰባበራል፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ጨረሩ ኃይለኛ ነው።

ግቢ ውስጥ ፌስታልና ጀሪካን በብረት ድስት አቅልጦ ጡብ መሥራትን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። እባካችሁ አትሞክሩት። ከመሀሉ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ካለ ጭሱ አሲድ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ማቅለጥ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ኮርኒስ ለማሠራት ካሰባችሁ ጊዜው በጋ ነው። አናጢውን መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አውጡት፤ የላላ ሚስማር ይምታ፣ ቀዳዳ ይድፈን። ቀጥሎ ኤሌክትሪሺያኑ ገመዱን ያስተካክል። ከዚያ ፋይበሩ ይነጠፍ፣ ግን ቆርቆሮውን አይንካ። አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተውለት፣ ጫፍና ጫፉም አየር ያስገባ። ያ የንጋት ጠል ፋይበሩ ላይ ከተኛ እርጥብ ፋይበር ሙቀት አይዝም። ቦርዱ በመጨረሻ ይመታል። ከመመታቱ በፊት ራሳችሁ መሰላል ላይ ወጥታችሁ ክፍተቱን በእጃችሁ ለኩት።