የወረቀት ልጆች ደሴት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ትንሽ ላውራችሁ።

መጀመሪያ ግን ልጠይቃችሁ፣ በልባችሁ መልሱልኝ። ያደጋችሁበት ቤት ደጃፍ ስንት ደረጃ አለው? የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ከቤታችሁ በየት በኩል ነው? ከእናንተ ቀጥሎ ሦስተኛው ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? ስንት ልጅ አለው? ትልቁ አግብቷል? የሩዝ ማስቀመጫችሁስ ከየትኛው ግድግዳ ሥር ነው?

ሩዙን ጤፍ አድርጉት፣ ችግር የለም።

እኔ ገና የመጀመሪያው ላይ ቀረሁ። ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩና "የቤታችን ደጃፍ ስንት ደረጃ ነበረው?" አልኳት። "ደረጃ ነበረው እንዴ?" አለችኝ። በቃ፣ እኔና እሷ ወንድምና እህት አይደለንም። ቢያንስ የዛሬ መቶ ዓመት ኤንጅል አይላንድ ላይ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ነበር የሚወሰነው።

ኤንጅል አይላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ መሃል ያለች ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1940 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጣቢያ ነበረች። ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች አልፈውባታል። ቻይናዊ ከሆንክ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማዋን ከባሕሩ ማዶ እያየህ እዚያው ትታሰራለህ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄም ትጠየቃለህ። ዛሬ ያ የእስረኞች ቤት ሙዚየም ነው። ሰሞኑን ሄጄ ነበር።

ሰው "የምዕራቡ ኤሊስ አይላንድ" ይላታል። እኔን ይሄ አጠራር አይጥመኝም። ኒውዮርክ ኤሊስ አይላንድ የደረሰ አውሮፓዊ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ተጣርቶ ያልፍ ነበር። እዚህ ሳምንታት፣ ወራት ነው። 756 ቀን የተቀመጠ ሰው አለ። ሁለት ዓመት ከምናምን ማለት ነው፣ ያለ ወንጀል። ምኑ ይመሳሰላል?

ነገሩ የሚጀምረው በ1882 ነው። ያን ዓመት የወጣ ሕግ የቻይና ሠራተኛ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ። ባቡር ሐዲዱን በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ሲዘረጉ ግን ማንም "አትምጡ" አላላቸውም ነበር። ነጋዴ፣ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ ዲፕሎማት መግባት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ልጅም ይችላል። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ኤፕሪል 1906 ላይ ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፣ ከዚያ ለቀናት ነደደች። ከነደደው ውስጥ የልደት መዝገቡ አለበት። ቻይናታውን ውስጥ የሚኖር ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። "እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት" ቢል ማን ያስተባብለዋል? መዝገቡ አመድ ሆኗል። ስለዚህ ዜጋ ይሆናል። ቻይና ሄዶ ሲመለስ ደግሞ "ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል" ብሎ ያስመዘግባል። ልጁ ላይኖር ይችላል፣ ቦታው ግን ተይዟል። ያ ቦታ ለወንድሙ ልጅ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይሸጣል፣ ጭራሽ ለማያውቀው ሰውም ይሸጣል። ዋጋው በዕድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት መቶ ዶላር። የሃያ ዓመት ጎረምሳ 2,000 ዶላር። በዚያ ዘመን ገንዘብ። መቼም ሁሉም በብድር ነው። እነዚህን ሰዎች "የወረቀት ልጆች" ይሏቸዋል።

አንዳንዶቻችሁ አሁን ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቆዩ፣ እመጣበታለሁ።

መርማሪዎቹም ሞኞች አልነበሩም። ወረቀቱን ማጣራት ካልተቻለ የሚቀረው ሰውየውን ማጣራት ነው። መርማሪዎች፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ አስተርጓሚ ይቀመጣሉ። ልጁን ስለ ቤቱ፣ ስለ መንደሩ፣ ስለ አያቶቹ ይጠይቁታል። ከዚያ "አባቱን" ጠርተው ያንኑ ይጠይቁታል። መልሱ ካልገጠመ ወደመጣህበት ተመለስ ነው። የሚገርመው ደግሞ እውነተኛ ልጅም ይወድቃል። አባትየው አገሩን ከለቀቀ 15 ዓመት ሆኖታል፣ ሚስቱ የሩዙን ማስቀመጫ የት እንዳዞረችው በምን ያውቃል? ስለዚህ እውነተኛውም እንደ ሐሰተኛው ቁጭ ብሎ ማጥናት ነበረበት። ይሄ ነው እኔን በጣም የቆረቆረኝ። እውነት ተናግሮ ማለፍ እንኳ ልምምድ ይፈልግ ነበር።

የሚያጠኑበት ደብተር ነበራቸው። ጥያቄና መልሱ ተጽፎበት፣ የመንደሩ ካርታ ተስሎበት። ፓስፊክን ሲያቋርጡ በቃላቸው ይይዙትና መርከቡ ወደቡ ሳይደርስ ባሕር ውስጥ ይወረውሩታል። ደሴቷ ላይ ከገቡ በኋላ ነገር ከተበላሸ ደግሞ ኩሽና ውስጥ የሚሠሩ ቻይናውያን አሉ። በእረፍት ቀናቸው ከተማ ወርደው፣ ከዘመድ የተላከች ብጣሽ ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ከምግቡ ጋር ደብቀው ያቀብላሉ። ምርመራው ላይ "አባትህ ስንት ወንድም አለው?" ሲባል ምሳ ላይ የዋጠውን መልስ ይመልሳል ማለት ነው።

እሺ፣ ቦታው ምን ይመስላል? ጀልባው አያላ ኮቭ ያወርዳችኋል። ከዚያ በእግር ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዳገት አለው። ደሴቷ በጣም ታምራለች። ሰው ብስክሌቱንና ምሳውን ይዞ ነው የሚመጣው። እስር ቤት ልታዩ እየሄዳችሁ አጠገባችሁ ሽርሽር የወጡ ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ። ትንሽ ይረብሻል፤ እኔም ግን ሳንድዊች ይዤ ነበር።

የእስረኞቹ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ፣ የእንጨት ነው። አልጋው ሦስት ሦስት ሆኖ ከብረት ምሰሶ ጋር ተያይዟል። በመሃሉ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። እኔ ስገባ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀድመውኝ ነበር። አስጎብኚዋ ሁለት ልጆች አስነስታ እህትማማች ናችሁ አለቻቸው። አንዷን ውጭ አስቆመቻት፣ ሌላዋን ጠየቀቻት። "ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው?" ልጅቷ እየሳቀች "ስድስት" አለች። ሌላዋ ተጠራች፣ "አራት።" ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስጎብኚዋ ምንም ሳትስቅ "ነገ በሚነሳው መርከብ ትመለሻለሽ" አለቻት። ልጅቷ "ግን እኮ ጨዋታ ነው" አለች፣ አስተማሪዋን እያየች።

ከዚያ ግድግዳው። መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ እንጨት ነው። ባትሪ ከጎን ሲበራበት ግን ፊደሉ ብቅ ይላል። ከላይ ወደ ታች፣ በረድፍ በረድፍ፣ በስለት የተቀረጸ። ጣቢያው እንደተከፈተ እስረኞቹ ግድግዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ፣ አለቆቹ በቀለም አስቀቡት። እስረኞቹ ቀረጹት። ቀቢዎቹ የተቀረጸውን በስቱኮ እየደፈኑ እንደገና ቀቡት። ዓመታት ሲያልፉ ስቱኮው ሟሸሸ፣ ቀለሙ ተላላጠ፣ ፊደሉ ተመልሶ ወጣ። እንጨቱንም ቢሆን እንዳይበላሽ የሸፈነው ያው ስቱኮና ቀለም ነው።

ከ200 በላይ ግጥም ተገኝቷል። አብዛኛው ስም የለውም። ጸሐፊዎቹ በአመዛኙ ከደቡብ ቻይናዋ ጓንግዶንግ ገጠር የመጡ ጎረምሶች ናቸው፣ የሚጽፉት ግን በጥንቱ የቻይና የታንግ ነገሥታት ዘመን ሥርዓት፣ በተለካ ስንኝ ነው። እናቴ ናፈቀችኝ የሚል አለ። ድህነት ነው ያመጣኝ የሚል አለ። አገራችን ስትጠነክር እናሳያችኋለን የሚል ዛቻ አለ። አንዱ ደግሞ ናፖሊዮንም እኮ ደሴት ላይ ታስሯል ብሎ ራሱን ያጽናናል። ይቺን ወደድኳት። ሰውየው ሞራል አለው!

የሴቶቹ ግን የለም። ሴቶቹ የሚታሰሩት በአስተዳደሩ ሕንፃ ላይ ነበር፣ ሕንፃው ኦገስት 1940 ተቃጠለ። ጣቢያውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሴቶቹም ግድግዳ ላይ ይጽፉ እንደነበር በኋላ የተናገሩ አሉ፤ አንድም አልተረፈም።

የወንዶቹም የተረፈው ለጥቂት ነው። ቤቱ ሊፈርስ ተወስኖ ነበር። በ1970 አሌክሳንደር ዋይስ የሚባል የፓርክ ጠባቂ ባትሪ ይዞ ገብቶ አየው። አለቆቹ ደንታም አልሰጣቸው። እሱ ግን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነገረ፣ ወሬው ማኅበረሰቡ ጋ ደረሰ፣ በ1976 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ቦታውን ለማቆየት 250,000 ዶላር መደበ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ማንንም ልከስ አይደለም፣ ስምም አልጠራም። ግን ለኤምባሲ ኢንተርቪው ሲጠና አይታችሁ አታውቁም? ባልና ሚስት ናቸው፣ እውነተኛ ባልና ሚስት፣ ደብተር ይዘው "ሠርጋችን ላይ ስንት ሚዜ ነበረኝ?" ይባባላሉ። እኔ የአባቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እሞላለሁ፣ አባቴ የአያቴን። ፎርሙ ላይ አባትና ልጅ አንመስልም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለድነው "አብዮቱ ሲፈነዳ ነፍሰ ጡር ነበርኩ" ነው የልደታችን ማስረጃ። ይሄን ለአንድ መርማሪ አስረዱት እስቲ። ስለዚህ ሰው ለመርማሪው የሚመች ታሪክ ያዘጋጃል። አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ እንደነገሩ ነው።

እኛ ሰፈር አንድ ወቀሳ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይለዋል። "ሌላው ማኅበረሰብ ሙዚየም አለው፣ እኛ ታሪካችንን አንጽፍም፣ ግድ የለሽ ነን።" እኔ በዚህ አልስማማም። ከደሴቷ ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ የባሰ አልስማማም።

ለምን መሰላችሁ? ቻይናውያኑም እኮ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ያ የ1882ቱ የማግለያ ሕግ የተሻረው በ1943 ነው፣ ያውም የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ። ከዚያ በ1956 መንግሥት "በሐሰት ወረቀት የገባችሁ ተናዘዙ፣ ወረቀታችሁን እናስተካክላለን" አለ። ወደ 14,000 ሰው ተናዘዘ። ግን አንድ ሰው ሲናዘዝ አብሮት የሚወጣ አለ። የወረቀት አባቱ፣ የወረቀት ወንድሞቹ፣ የእነሱም ልጆች። ባልተናዘዙ ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይም መዘዙ ደርሷል። በዚያ ላይ ማስተማመኛ የለም፣ የምትናዘዘው ለዚያው ለመረመረህ መሥሪያ ቤት ነው። ታዲያ የትኛው አባት ነው ልጁን አስቀምጦ "ስማችን የእኛ አይደለም" የሚለው?

አንድ አባት ዘዴ አገኘ። የእውነት ስሙ ማክ ነው፣ በወረቀት የገባው ግን ላይ በሚል ስም ነው። ልጆቹን ሁሉ መሃል ላይ "ማርክ" አስገባላቸው። ለፈረንጁ ተራ ስም ነው። ከልጆቹ አንዱ ሂም ማርክ ላይ ይባላል፤ በኋላ የቻይና አሜሪካውያንን ታሪክ ከጻፉት ዋናው ሆነ። በ1970ዎቹ እሱና ሁለት ሴቶች፣ ጄኒ ሊምና ጁዲ ያንግ፣ ግጥሞቹን ሰበሰቡ፣ እዚያ የታሰሩ ሽማግሌዎችን እየዞሩ ቃላቸውን ቀዱ። ሦስቱም የእስረኛ ልጆች ናቸው። እንደዚያም ሆኖ፣ ጣቢያው ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ተናጋሪዎቹ ስማችን አይጠቀስ ነበር የሚሉት።

ሠላሳ ዓመት! የእኛ ሰው ፋይል እኮ ገና ትኩስ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የገባ አለ፣ ወንድሙን ገና እየጠበቀ ያለ አለ። ምን ብሎ ነው ማይክ ፊት የሚቀመጠው?

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር። የእነዚያ ምርመራዎች ቃለ ጉባኤ አልጠፋም። ሳን ብሩኖ በሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ ተቀምጧል። የልጅ ልጆቹ ሄደው ፋይሉን ያስወጡና የአያታቸውን መንደር ያነባሉ። ስንት ቤት፣ ጉድጓዱ የት፣ ውሻ ነበራቸው ወይ። እንዲህ ዘርዝሮ የጻፈላቸው ሊመልሳቸው የፈለገው ሰው ነው። ችግሩ፣ ፋይሉ ውስጥ የቱ መንደር የአያታቸው፣ የቱ ደግሞ በመርከብ ላይ የተሸመደደ እንደሆነ መለየት አለባቸው። አንዳንዱ ፈጽሞ አይለይም። እና ሙዚየሙን የወደድኩለት ይሄን አለመደበቁ ነው። ውሸቱን እንደ ነውር ጓዳ አላስገቡትም። ከነዋጋው፣ ከነደብተሩ አስቀምጠውታል።

እኔም ሞክሬ ነበር። አንዲት አክስት አሉኝ፣ በሱዳን በኩል ነው የመጡት። ለዚህ ፖድካስት ታሪካቸውን ልቅዳ ብዬ ቡና ላይ ማይኩን ዘረጋሁ። አይተውት አይተውት "እሱን አጥፋውና እነግርሃለሁ" አሉኝ።

አጠፋሁት። እስከ ማታ አወሩ። እና እዚህ አትሰሙትም።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።