የአክተሩ ጓደኛ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ቀረጻውን አንድ ጊዜ ጀምሬ የጎረቤት ዶሮ ስለጮኸ እንደገና ነው የጀመርኩት። ደግሞ ከጮኸ ግን አላቋርጥም፤ አብራችሁት ስሙ።

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን ፊልም የምናይበት ቪዲዮ ቤት ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ «አክተር» የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥይት የሚስተው፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዞ የሚሄደው፣ የማይሞተው ሰውዬ። የቀሩትም ተዋንያን መሆናቸው ትዝ አይለንም ነበር። ወይ «ሌባ» ናቸው፣ ወይ ደግሞ «የአክተሩ ጓደኛ»። የአክተሩ ጓደኛ እጣው የታወቀ ነው። በተለይ የሚስቱን ፎቶግራፍ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «ይሄ አለቀለት» ይላል። ተሳስቶም አያውቅም።

እኔ ሁልጊዜ የማዝነው ለዚህ ጓደኛ ነበር። ከእነዚያ ሟቾች ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ፊልሙ «ኤሊየን» ነው፤ በ1979 የወጣው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።) ሰውዬው የጠፈር መርከብ መካኒክ ነው። ኮፍያ አድርጓል፣ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሷል። የሥራ ባልደረባው ስለ ክፍያቸው ማነስ ሲነጫነጭ፣ እሱ ለሁሉም ነገር «ልክ ነው» እያለ ይመልሳል። በኋላ ድመት ፈልግ ተብሎ ይላካል። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት፣ ከጣሪያው ውኃ የሚንጠባጠብበት ጨለምለም ያለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ገባ። እኛ አውሬው ከየት በኩል እንደሚመጣ እያሰብን ትንፋሻችንን ውጠናል። እሱ ግን ቆመ። ኮፍያውን አወለቀና ፊቱን ቀና አድርጎ ውኃው እንዲንጠባጠብበት ተወው። ሞቆታል፤ ደክሞታል። ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ ሞተ። «አላልኳችሁም!» አለ የኋላ ወንበሩ ልጅ።

እኔ ግን ያቺን ውኃ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። አውሬውን ብዙም አልፈራሁትም፤ ያ ሰውዬ ሲሞት ግን የማውቀው ጎረቤት የሞተ መሰለኝ። ስሙ ሃሪ ዲን ስታንተን እንደሚባል ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሳውቀው ደግሞ በየቦታው እንደነበረ ገባኝ። ወህኒ ቤት ውስጥ ጊታር ይዞ መዝሙር የሚያንጎራጉረው እስረኛ እሱ ነበር። «ከኒው ዮርክ ማምለጥ» በሚባለው ፊልም ውስጥ «አንጎል» የሚባለው ብልጥም እሱ ነበር። ከሰባት ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን እሱን ብዬ ፊልም አልተከራየሁም።

የተወለደው በ1926 ኬንታኪ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ታንክ አጓጓዥ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ የኦኪናዋን ጦርነት አይቷል። ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ከዚያ ካሊፎርኒያ ሄዶ ትወና ተማረ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን የቴሌቪዥን ላም ጠባቂዎችና ሽፍቶች ዘመን ነው። በ«ጋንስሞክ» ብቻ ስንት ጊዜ በተለያየ ሰው ስም እንደተመለሰ! ዛሬ ተይዞ ይታሰራል፣ በሌላ ሳምንት ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። መልኩ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነበር፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ ያላንቀላፋ፣ ቀጭን ሰው። ካሜራ ፊት ገና ሲቆም ከየት እንደመጣና ስንት ዓመት እንደተጎሳቆለ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

እስቲ አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ አንድ ተውኔት አዘጋጀና እኔ ዘበኛ ሆንኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፦ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥተዋል።» ይቺ አንዲት ነገር እንዳታልፍብኝ ብዬ ያላደረግኩት የለም። ገባሁ፣ አሳልኩ፣ ካፖርቴን አራገፍኩ፣ ዱላዬን በአንድ እጄ አሽከረከርኩ፣ ከዚያም ተደናቀፍኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ ላይ የነበረው ልጅ አባቱ የሞተበት ሰው ሆኖ ያለቅስ ነበር። መምህራችን ከመጋረጃው ጀርባ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ዘበኛ ነህ፤ ዝም ብለህ ብትቆም ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ስታንተንም ይህንኑ ተብሏል፤ ብቻ የተናገረው ጃክ ኒኮልሰን ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ስም የሌላቸው ጓደኛሞች ነበሩ፤ በኋላም አንድ ቤት ተጋርተው ኖረዋል። ኒኮልሰን በ1966 ለወጣ የከብት ጠባቂዎች ፊልም ጽሑፉን ሲጽፍ ለስታንተን አንድ ዓይኑ የተሸፈነ የሽፍቶች አለቃ ሰጠውና፣ ምንም እንዳያደርግ፣ ትወናውን ለልብሱ እንዲተወው ነገረው። ስታንተን ይህን ታሪክ ሲጠየቅ ደጋግሞ ያወራው ነበር። መንገዱን ያገኘው ያኔ ነው። እኔ ከተመከርኩ በኋላ ክበቡን ለቅቄ ወጣሁ፤ እሱ ከተመከረ በኋላ ሃምሳ ዓመት ሠራ።

ሮጀር ኤበርት የሚባለው አሜሪካዊ ሐያሲ ስለ እሱና ስለ ኤሜት ዋልሽ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ከሁለቱ አንዱ በረዳት ተዋናይነት የገባበት ፊልም ፈጽሞ መጥፎ ሊሆን አይችልም ይላል ሕጉ። በኋላ ራሱ ኤበርት ሕጉ የተጣሰባቸው ፊልሞች እንዳሉ አምኗል። ቢሆንም ደስ ይላል፤ ስንቱ መሪ ተዋናይ እንዲህ ዓይነት ሕግ ወጥቶለታል?

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። ስለ እንዲህ ዓይነት ተዋንያን ሲወራ «ትንሽ ሚና የለም» የሚል ነገር ይመጣል። እኔ አልቀበለውም። ትንሽ ሚና አለ። የሁለት ቀን ሥራ የሁለት ቀን ክፍያ ነው። «ትንሽ ሚና የለም» ሲል የሰማሁት ሰው ሁሉ ትልቁን የያዘው ነው። ስታንተንም በጓደኛነቱ ረክቶ አልኖረም። በ1983 ሳንታ ፌ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ከጸሐፌ ተውኔቱ ሳም ሼፓርድ ጋር ተቀምጦ፣ የሚሰጡት ሚናዎች እንደሰለቹት፣ ውበት ያለው ነገር መሥራት እንደሚፈልግ ነገረው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሰባት ነበር። ብዙ ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው።

ሼፓርድ ሰምቶ ዝም አላለም። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ በሚሠራው «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ፊልም ላይ መሪው ሚና ለእሱ ሆነ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው በረሃ ውስጥ ብቻውን ይሄዳል፤ ለብዙ ደቂቃ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሌላ አክተር ቢሆን ሰው ይሰለቸው ነበር፤ የስታንተን ፊት ግን ሠላሳ ዓመት ሲጠራቀም የቆየ ነገር ነበረው። በ1984 ፊልሙ በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ወሰደ። «አሁን አለፈለት» ትሉ ይሆናል። አላለፈለትም። ተመልሶ ወደ ረዳትነቱ ገባ፤ ለኦስካር አንድም ጊዜ አልታጨም።

ከሁሉም የምወደው ግን በ1999 ዴቪድ ሊንች በሠራው ፊልም ውስጥ ያለውን ነው። አልቪን የሚባሉ ሽማግሌ መንጃ ፈቃድ ስለሌላቸው በሣር ማጨጃ መኪና ላይ ተቀምጠው ከአዮዋ ወደ ዊስኮንሲን ይጓዛሉ። ታሪኩ በ1994 በእውነት የሆነ ነው። መንገዱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። የሚሄዱት ለዓመታት ወደተኳረፉት፣ አሁን ግን ወደታመመው ወንድማቸው ነው። ፊልሙ በሙሉ ስለዚህ ወንድም ይወራል፤ እሱ ግን አይታይም። መጨረሻ ላይ ከአንዲት ደሳሳ ቤት በመራመጃ እየተደገፈ ይወጣል፤ ስታንተን ነው። ይቀመጣሉ። ማጨጃዋን ያያታል። እሷን ነድተህ ነው እኔን ልታይ የመጣኸው ብሎ ይጠይቃል። አዎ ይሉታል። ዓይኑ እንባ ይሞላል። አበቃ። የሁለት ሰዓት ያህል ፊልም ክብደቱን ሁሉ እዚያ ሰው ላይ አምጥቶ ጣለበት፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ተሸከመው። እኔ በዚያች ቅጽበት ሁልጊዜ የምጠራው አንድ ወንድሜ አለ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ባለ ብዙ ሚስት የእምነት መሪ ሆኖ ሲያስፈራን ቆየ። ከዚያ በዘጠናው ዋዜማ ሌላ መሪ ሚና አገኘ። «ላኪ» ይባላል ፊልሙ፣ በእንግሊዝኛ «ዕድለኛ» ማለት ነው፤ አዘጋጁ ጆን ካሮል ሊንችም ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የአክተሩ ጓደኛ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ባለታሪኩ በባሕር ኃይል ምግብ አብሳይ የነበረ ብቸኛ ሽማግሌ ነው። ስታንተን በሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 በዘጠና አንድ ዓመቱ አረፈ፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

መጨረሻው ላይ ሽማግሌው በረሃ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁልቋል ቀና ብሎ ያያል። ቀና ያለበት ሁኔታ ያንን መካኒክ አስታወሰኝ። ከዚያ ዞሮ ካሜራውን፣ ማለትም እኛን፣ ፈገግ ብሎ ያየናል፤ ጀርባውን ሰጥቶም ይሄዳል። ፊልሙን ብቻዬን ነበር ያየሁት፤ ከኋላዬ «ይሄ አለቀለት» የሚል ማንም አልነበረም። እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ኤሊ ቀስ ብሎ መንገዱን ያቋርጣል።

ዶሮው ዝም አለ ማለት ነው። ሳምንት እንገናኝ።