ጣሪያው ስንት ያወጣል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ድሮ ክፍት መኪኖች ነው የማወራችሁ። ስለ አሜሪካኖቹ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዋጋውም የዚያን ጊዜ ዶላር ነው።

ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣልን ሀብታም ሰው ነው። ወይ ደግሞ ሠርግ። አዲስ አበባ ላይ በአበባ አጊጦ፣ ሙሽሮቹን ይዞ ቀስ እያለ የሚሄደው መኪና። የድሮ የዋጋ ዝርዝር ስታነቡ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ።

ፎርድ ሞዴል ኤ የሚባለውን መኪና ያወጣው በ1927 መጨረሻ ላይ ነው። ባለ አንድ ወንበሩ ክፍት መኪና ሮድስተር ይባላል፤ ዋጋው 385 ዶላር። የኋላ ወንበር ያለው ክፍቱ ፌቶን ነው፤ 395። ባለ ሁለት በሩ ዝግ መኪና፣ ቱዶር፣ 495። ይሄ የፋብሪካ በር ዋጋ ነው፣ ማጓጓዣው ለብቻ ይታሰባል። እንግዲህ አስተውሉ። ብር ያጠረው ሰው ነበር ክፍቱን የሚገዛው። አቅም ያለው ጣሪያ ይጨምራል።

ለምን? ምክንያቱም መኪናውን ተሸክሞ የሚሄደው ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ነው። ጣሪያው ምንም አይሸከምም። ስለዚህ ብትተወውም መኪናው አይጎዳም። ጣሪያ ካደረግህ ግን የእንጨት ማዋቀሪያ ትፈልጋለህ፣ ላሜራ ትፈልጋለህ፣ መስታወት ትፈልጋለህ፣ ከሁሉም በላይ የሠራተኛ እጅ ትፈልጋለህ። ሸራ ወጥሮ መሸጥ ርካሽ ነበር።

ይህን ሚዛን መጀመሪያ ያናጋው ኤሴክስ ነው፣ የሀድሰን ኩባንያ መኪና። በ1922 ዝግ መኪናውን በ1,495 ዶላር አወጣው። ከክፍቱ በ300 ዶላር ብቻ ነበር የሚበልጠው። በ1925 ደግሞ ዝጉ ከክፍቱ ረከሰ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ወደ ጣሪያው ጎረፈ። በ1919 አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ 100 መኪኖች ዝጎቹ 10 ያህል ነበሩ። በ1927 ግን 85 ደረሱ። በስምንት ዓመት!

እና ሰው ለምን እንደጎረፈ የገባኝ አንድ ሮድስተር ጠጋ ብዬ ሳይ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በበጋ እሑድ እሑድ የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ላይ ይሰበሰባሉ። አንድ ሽማግሌ ሞዴል ኤ ሮድስተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በሩን ከፍቼ የመስታወት ማውረጃውን እጀታ ብፈልግ የለም። ጭራሽ መስታወት የለውም። ሰውየው ወንበሩ ሥር እጃቸውን ሰደዱና የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የጎን መጋረጃ ነው። ጨርቁ መሀል ላይ ሴሉሎይድ የሚባል የሚያሳይ ፕላስቲክ ተሰፍቶበታል፣ ቢጫ ሆኗል፣ በዚያ ውስጥ የማየው ሰው ፊቱ ደብዝዟል። ዝናብ ሲመጣ መኪናውን ታቆማለህ፣ ትወርዳለህ፣ ሸራውን በእጅህ ትወጥራለህ፣ ከዚያ መጋረጃውን አንድ በአንድ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረግህ ትቆልፋለህ። እስክትጨርስ በስብሰሃል።

ከኋላም ሌላ ወንበር አለው፣ ራምብል ሲት የሚሉት። የኋላ ክዳኑ ሲከፈት ነው የሚወጣው። ፓራፋንጎው ላይ ያለችውን ክብ መርገጫ ረግጠህ ትወጣለህ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሸራው እንኳ አይደርስለትም። ሰውየው «ልጆች ሆነን የምንጣላው ለዚህች ቦታ ነበር» አሉኝ። ይገባኛል፣ እኔም እጣላ ነበር።

ፎርድ በ1929 ካብሪዮሌት የሚባል ቦዲ ጨመረ። ጣሪያው የሚታጠፍ ሸራ ነው፣ በሩ ግን የሚወጣና የሚወርድ መስታወት አለው። ዋጋው ከሮድስተሩ በእጅጉ ይበልጣል። ለእኔ ዛሬ የምናውቀው ኮንቨርተብል የተወለደው እንደዚህ ባለ መኪና ነው። ሰማዩንም፣ ምቾቱንም ባንዴ የሚፈልግ ሰው የሚገዛው መኪና። በ1939 ፕሊመዝ ሸራውን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ አደረገው። የሰው እጅ ከሸራው ላይ ተነሳ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋጋው ሰማይ ወጣ። በ1953 የካዲላክ ተራው ክፍት መኪና 4,144 ዶላር ነበር። ኤልዶራዶ የሚባለው ልዩው ግን 7,750። የተሠራው 532 ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የሸቭሮሌ ኮርቬት መጣ፣ በ3,498 ዶላር። እና ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮርቬቱ መስታወት የለውም! የጎን መጋረጃ ነው ያለው። ከውጭ የበር እጀታ እንኳ የለውም። ፎርድ በ1955 ተንደርበርድን መስታወት ገጥሞ አወጣና ከ16,000 በላይ ሸጠ። ኮርቬት በዚያ ዓመት 700 ብቻ ነው የተሠራው። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፣ እኔ ግን መጋረጃው የራሱ ድርሻ አለው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ 1964 ልውሰዳችሁ። የፎርድ ማስታንግ። ጣሪያ ያለው 2,368፣ ጣሪያው የሚከፈተው 2,614። ልዩነቱ 246 ዶላር። በ1927 ክፍቱን የመረጠ 100 ዶላር ያተርፋል፣ አሁን ግን ይከፍላል። እንዲህ ያደረገው ፋሽን ብቻ አይደለም። ማስታንግ ሻንሲውና ቦዲው አንድ ላይ የተበየደ ነው። ጣሪያው ራሱ ይሸከማል። ከቆረጥከው መኪናው መሀሉ ላይ ይላላል፣ ስለዚህ ወለሉን በተጨማሪ ብረት ማጠንከር አለብህ። ብረቱ ደግሞ ገንዘብ ነው።

አንድ መኪና ግን ሳላነሳ አላልፍም። የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል፣ የፎርድ ኩባንያ መኪና። ባለ አራት በር ሆኖ ጣሪያው የሚከፈት፣ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብቸኛው። የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ ነው የሚከፈቱት። ዝጉ 6,067፣ ክፍቱ 6,713 ዶላር። ሸራው ሲታጠፍ ሙሉ በሙሉ የኋላ ኮፈን ውስጥ ይገባል፣ ለሻንጣ ቦታ አይተርፍም። የኬኔዲ መኪና ከዚህ ሞዴል ተቆርጦና ረዝሞ የተሠራ ነው። ፎርድ ለመንግሥት በዓመት በ500 ዶላር ነበር የሚያከራየው። ጃንሆይ ጥቅምት 1 ቀን 1963 ዋሽንግተን ሲገቡ ከኬኔዲ ጎን ሆነው በክፍት ሊንከን ነው ሕዝቡ መሀል ያለፉት። ሁለት ወር ሳይሞላ ዳላስ ላይ የሆነው ሆነ። ጃንሆይ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። ያ የኬኔዲ መኪና ቋሚ ጣሪያና ጥይት የማይበሳው መስታወት ተገጠመለት። ዛሬ ዲርቦርን ያለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ነው። ያን ጣሪያ በዋጋ ዝርዝር ማስላት አልችልም።

በ1976 ካዲላክ የመጨረሻው ነው ብሎ ኤልዶራዶን በ11,049 ዶላር ሸጠ። 14,000 ተሠሩ። ብዙ ሰው ዋጋው ይጨምራል ብሎ ገዝቶ ሸፍኖ አስቀመጠ። በ1984 ካዲላክ ራሱ ኤልዶራዶ ኮንቨርተብልን መልሶ ሲያወጣ ተታለልን ብለው የከሰሱ ነበሩ። እኔ የማዝነው ለመኪኖቹ ነው። ንፋስ ሳይነካቸው ጋራዥ ውስጥ አረጁ።

ምረጥ ብትሉኝ የፎርድ ሞዴል ኤ ፌቶንን ነው የምመርጠው። ከሮድስተሩ በ10 ዶላር ብቻ ይበልጣል፣ ግን የኋላ ወንበር አለው። ቤተሰብ ይይዛል። በ10 ዶላር ልጆቹም አያታቸውም አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ጻፉልኝ። የአያቶቻችሁ አልበም ውስጥ ክፍት መኪና ያለበት ፎቶ ካለም ላኩልኝ፤ ቦዲውን አብረን እንለየዋለን። ደህና ሁኑ።