ሜትሩ አጋድሏል

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዶሮው ዛሬም አለ፣ ቻሉት።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ግን አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። "ልጄ፣ ሜትሩ አጋድሏል።"

የአያቴን ግቢ ታውቁታላችሁ። ከለገጣፎ አልፎ፣ ለገዳዲ ሳይደርስ፣ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልት ላይ የሚያራግፈን ቦታ። እቴቴና አጎቴ የተካፈሉት ቀን ለኪው እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን ይሆናል? ሒሳብ የተማረው እኔ ነኛ!

የመንገድ ዳሩ ቀላል ነው። ሬክታንግል። 20 በ9 ከ75፣ 195 ካሬ። ከዚያ በኋላ ግቢው ወደ ወንዙ ሲወርድ ከሁለቱም ወገን እኩል እየጠበበ ይሄዳል። ከላይ 20 ሜትር፣ ወንዙ ጋ 10። ሁለቱ ትይዩ ናቸው። ትራፒዚየም ማለት ነው። ትይዩዎቹን ትደምራለህ፣ ለሁለት ታካፍላለህ፣ 15። እሱን በከፍታው ታባዛለህ። የልጅ ትምህርት ነው።

ከፍታውን ለማግኘት ሜትሩን ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ቀጥ አድርጎ መሃል ላይ መዘርጋት ነው። መሃል ላይ ደግሞ የእቴቴ ጌሾ አለ። አንድ ቅርንጫፍ ብሰብር ምን እንደምባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ አጥር አጥሩን ሄድኩ።

የሜትሩን ጫፍ የያዙልኝ አጥሩን ሊሠሩ የመጡ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ያካፍያል። ሜትሩ ላይ ጠብታ ተደርድሯል። ሰውዬው ሜትሩን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ረጋ ብለው "ልጄ፣ ሜትሩ አጋድሏል" አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ችግር የለውም አባባ፣ ሒሳቡ ያስተካክለዋል።"

ሒሳቡ ያስተካክለዋል! የምን ሒሳብ? ማን ነው የሚያስተካክለው? ይሄን ያልኩት ደግሞ 60፣ 80፣ 100 ሳንቲም በሲባጎ እየለኩ እስኳድራ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ሲያወጡ ለኖሩ ሰው ነው። ፓይታጎረስን በእጃቸው ይዘውት ዞረዋል። አልተከራከሩኝም። ሲባጎአቸውን ከኪሳቸው ግማሽ ድረስ አውጥተው ነበር። መልሰው ከተቱት። እሷ ናት የማትለቀኝ፣ ያቺ ሲባጎ።

13 ሜትር። 15 ጊዜ 13፣ 195።

አስቡት እስቲ፣ ያው ቁጥር! "እኩል ነው!" ብዬ ጮህኩ። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አጎቴ ሱቅ ስለሚከፍት መንገድ ዳሩን ቢወስድ ደስ እንደሚለው ተናገረ። እቴቴ ወደ እኔ ዞራ "አንተ እኩል ነው ካልክ ለእኔ የወንዙ ይሁን" አለች። ሌላ ሰው አልጠየቀችም።

ሐሙስ የእህቴን ልጅ የቤት ሥራ እያሳየኋት ነበር። "ከፍታው የቱ ነው?" አለችኝ። "ሰያፉን እንዳትወስጂ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው" አልኳት። አልኩና እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። "ምነው?" አለችኝ። ምንም።

20 ወደ 10 ሲወርድ እያንዳንዱ አጥር 5 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የለካሁት 13 ደግሞ ሰያፉ ነው። በፓይታጎረስ 13 በ13፣ 169። 5 በ5፣ 25። ሲቀነስ 144። ስሩ 12። ከፍታው 12 ነው ጎበዝ! 15 ጊዜ 12፣ 180። 15 ካሬ አየር ላይ ነው የለካሁት። 15 ካሬ ማለት አንድ ደህና ሰርቪስ ክፍል ማለት ነው።

እርግጥ ግማሽ ግማሽ ይሁን ቢባል ለእያንዳንዳቸው 187 ከግማሽ ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ የጎደለባት 7 ከግማሽ ነው። ይሄን ስሌት ለሊት 9 ሰዓት ላይ ነው ያገኘሁት። ለምን እንዳጽናናኝ አላውቅም። ጠዋት ላይ አላጽናናኝም።

እንቅልፍ እንቢ ሲል ምን አነበብኩ መሰላችሁ? ብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን የራይንድ ፓፒረስ፣ የጥንት ግብፆችን የሒሳብ ጽሑፍ። አህሞስ የሚባል ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ የገለበጠው ነው። 52ኛው ጥያቄ ጫፉ ስለተቆረጠ መሬት ነው። አንዱ ወገን 6፣ አንዱ 4፣ ርዝመቱ 20። የ6 እና የ4 ድምር ግማሽ 5፣ በ20 ሲባዛ 100። የእኛው ቀመር! ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ያ 20 ቀጥ ያለው ነው ወይስ ሰያፉ ጎን የሚለው ምሁራንን አከራክሯል። አያችሁ? ምናልባት እዚያም አንድ የተማረ ልጅ ነበረ። ምናልባት ጌሾ ነበረባቸው። አፈሩን ከእኛ ወስደው፣ ለክተውት፣ ስህተቱንም...

ተዉት፣ አያስቅም።

እቴቴ አጥሩን አሠርታ ጨርሳለች። አጎቴ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ብነግረው "7 ካሬ ምን አላት" ይል ይሆናል። ወይም ላይል ይችላል፣ ሱቁ ተጀምሯል። እሷስ? "ተወው ልጄ" ትለኛለች። እሱን ነው የፈራሁት መሰለኝ። ወይስ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ ነው? አላውቅም።

ለመስቀል እሄዳለሁ። ሜትሯ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ጭቃዋ ደርቋል። ጌሾውን አንድ ሰው ቅርንጫፉን ቢይዝልኝ በመሃሉ ማሳለፍ ይቻል ነበር እኮ። ያኔም ይቻል ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ይይዙልኝ...

ዶሮው ጀመረ። ቆይ መስኮቱን ልዝጋ።