በደቂቃ ስንት ዲግሪ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ የምቀዳው ከአራት ኪሎ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። የዓሣ የወንዴ ዘር ለማቆየት ተብሎ ሲቀዘቅዝ የሚሞተው ለምንድን ነው? ሰው ስጠይቅ «ብርዱ ነዋ!» ይሉኛል። ግን አንዴ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ከደረሰ፣ ለዓመታት ይቀመጣል። አደጋው መንገድ ላይ ነው። ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ብሎ በረዶ መሥራት ሲጀምር፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዲግሪዎች በምን ፍጥነት እንደሚወርዳቸው ነው ወሳኙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶ መጀመሪያ የሚሠራው ከሴሉ ውጭ ነው። በረዶ ሲሠራ ውሃውን ብቻ ይወስድና ጨውን ይተወዋል፤ የተረፈው ፈሳሽ ጨዋማነቱ እየበረታ ይሄዳል። ያ ጨው ደግሞ ከሴሉ ውስጥ ውሃ ይስባል። ማቀዝቀዙ በጣም ከዘገየ፣ ሴሉ ጨው እንደበዛበት ቋንጣ ተኮማትሮ እዚያ ጨው ውስጥ ሲሰቃይ ይቆያል። በጣም ከፈጠነ ደግሞ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ያጣና እዚያው ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ ይሄም ሴሉን ያበላሸዋል። ተመራማሪው ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 እነዚህን ሁለት ጉዳቶች ለይተው አስቀመጡ። ልኩ ያለው በሁለቱ መሃል ነው።

ልኩ ደግሞ ከሴል ሴል በጣም ይለያያል። የአይጥ ፅንስ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። የሰው ቀይ የደም ሴል ግን ሽፋኑ ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ በደቂቃ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይችላል። የዓሣ የወንዴ ዘር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በደቂቃ በአሥሮች የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ይሄም እንደ ዝርያውና ዘሩን ከቅዝቃዜው ጉዳት እንዲጠብቀው እንደሚጨመርበት መከላከያ ፈሳሽ ይለወጣል፤ ፈሳሹ ሜታኖል፣ ግሊሰሮል ወይም ዲኤምኤስኦ ሊሆን ይችላል። ለአምባዛ የሠራው ለቆሮሶ ላይሠራ ይችላል፤ እያንዳንዱን መፈተን ግድ ነው።

በጣም የምወደው ክፍል አሁን ነው። ለዚህ ሥራ ውድ ማሽን አለ፤ ብዙ ላብራቶሪ ግን የሚጠቀመው የፎም ሳጥን ነው። ናይትሮጅኑ ይፈስበታል፣ ነጭ ጭሱ ይተኛል። ዘሩን የያዙ ቀጫጭን ስትሮዎች፣ ሩብ ሚሊ ሊትር የሚይዙ፣ በተንሳፋፊ ፍሬም ላይ ይደረደራሉ። ስትሮው ከፈሳሹ ከፍ ሲል ይዘገያል፣ ዝቅ ሲል ይፈጥናል። በሕይወትና በሞት መሃል ያለው ልዩነት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው! ማቅለጡም ላይ ጥድፊያ አለ፤ ለብ ባለ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ካልቀለጠ በረዶው እንደገና ያድጋል። ከዚያ በኋላ ነው የወንዝ ውሃ የሚነካው። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ዓሦች ዘር በአባቱ ፈሳሽ ውስጥ አይንቀሳቀስም፤ ውሃ ሲያገኝ ብቻ ይነቃል። በእነ ካርፕ ዘንድ የሚዋኘው አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ እንቁላሉን ካላገኘ አለቀ።

ለምን ይሄን ያህል አሳሰበኝ? ጣና ላይ ላቤኦባርበስ የሚባሉ፣ 15 ገደማ የሚሆኑ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። እንደ አሁኑ ክረምት ሲሆን ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፣ ዓሣ የሚያደነዝዘው ብርብራ ይበተንባቸዋል፤ ወንዞቹ ላይ ደግሞ አሸዋ ይዛቃል፣ ግድብ ይሠራል። በእኔ እምነት የእነዚህን ዓሦች ዘር ማቆየት ዛሬ መጀመር አለበት። ናይትሮጅኑ እንግዳ አይደለም፤ ቃሊቲ ላይ የኮርማ ዘር ሲቀዘቅዝ ስንት ዘመኑ ነው። ሰበታ ደግሞ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን። ሁለቱም ከዚህ ከመሃል ከተማ ሩቅ አይደሉም።

ሥራው አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ብላክስተር የተባለ ተመራማሪ የሄሪንግ ዓሣን ዘር በደረቅ በረዶ፣ ማለትም በጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አቆይቶ፣ በጸደይ የሚራባውንና በመኸር የሚራባውን አዳቀለ። በጊዜ የማይገናኙ ነበሩ።

ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። የሚቆየው የአባት ድርሻ ብቻ ነው። የዓሣ እንቁላል ትልቅ ነው፣ አስኳሉ ብዙ ነው፤ እንደ ወንዴው ዘር በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ታንኩ ሙሉ ሆኖ እናቲቱ ከጠፋች ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ዘሩ ይቆይ ስል፣ በመራቢያው ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይዘርጋ ማለቴም ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

እንቁላሉ ለምን እንዲህ እንዳስቸገረ በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ። ጣና ዳር ያላችሁ፣ ዘንድሮ ወንዞቹ ላይ ያያችሁትን በድምፅ ላኩልኝ። ደህና ሁኑ።