ካርዱን አትጣሉት፦ ስለ ልጆች ክትባት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለዓመታት ክትባት ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። የዛሬዎቹ ደዋዮች ከመሃል አዲስ አበባ ናቸው። ልባቸው ግን ገጠር ባሉ ዘመዶቻቸው ልጆች ላይ ነው። በቀጥታው ሰዓት ያልጨረስኩትን እዚህ ላሟላው።

«ሲስተር፣ ከፒያሳ ቤት ስንለቅ የልጄ የክትባት ካርድ በዕቃ መሃል ጠፋ። 14 ወሩ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል?»

አይጀምርም እህቴ። የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂጂና መዝገብ ላይ ይፈልጉልሽ። ባይገኝም ባለሙያዋ የሚያስፈልገውን ትወስናለች። አንድ ክትባት ቢደገም ልጁን አይጎዳውም። ቢቀር ነው የሚጎዳው። 15 ወር ሲሞላው ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለበት፤ ብዙ እናት የ9 ወሩን አስከትባ «ጨረስኩ» ብላ የምትቀረው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ካርድ ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አስቀምጪው። በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

«ልጁ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል። ቀጠሮውን ላራዝመው?»

አታራዝሚው። ቀላል ጉንፋን ክትባት አይከለክልም።

«መንዝ ያለችው እህቴ ልጇን ኩፍኝ ያዘባት። ጎረቤት ‹ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ጤና ጣቢያ እንዳትወስጂው› አላት። በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በር ዘግታ አስተኝታዋለች። አረቄም በትንሹ ቀመስ አድርገውታል። ምን ትመክሪናለሽ?» (ከካዛንቺስ)

ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውልላት። ዛሬውኑ ትውሰደው።

ይህን አባባል ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። ኩፍኝ በሽፍታው ብቻ አይደለም ልጅ የሚገድለው። ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ዐይንም ያጠፋል። ጤና ጣቢያ ከሚሰጡት ዋናው ነገር ቫይታሚን ኤ ነው፤ ሁለት ቀን በተከታታይ። እሱም መርፌ አይደለም፣ በአፍ የሚንጠባጠብ ነው! «መርፌ አይወድም» እየተባለ ልጁ ዐይኑን የሚያተርፍለት ጠብታ ይቀርበታል።

ብርድ ልብሱን አንሱለት፤ ትኩሳቱን ያባብሰዋል። መስኮቱን ክፈቱ። ለሕጻን አረቄ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ በደሙ ያለውን ስኳር ያወርደዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ፈሳሽ ይብዛለት።

ሌላም አለ። «እግዜር ይማረው» ለማለት ልጅ አዝሎ መሄድ፣ እዚያው ቡና ማፍላት። ደግ ባህላችን ነው፤ ለኩፍኝ ግን አይሆንም። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ እንኳ የበሽታው ቫይረስ ለ2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊትና ከወጣ በኋላም 4 ቀን ይተላለፋል። ልጆቹ ራቅ ይበሉ። ያልተከተቡ የጎረቤት ልጆች ካሉም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቶሎ ይነገራት፤ ከታማሚው ጋር በተገናኙ በ3 ቀን ውስጥ ቢከተቡ ሊድኑ ይችላሉ።

ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከፈዘዘ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ዐይኑ ነጭ ከለበሰ ሆስፒታል ነው። ማደር የለም። እህትህ ስትሄድ ካርዱን ትያዝ።

«ሲስተር፣ የልጅ ልጄን ገጠር ጤና ኬላ ብወስዳት ‹ሌሎች ልጆች ሲመጡ ተመለሺ› አሉኝ። ለምንድን ነው ልጄ?» (ከልደታ)

እማማ፣ የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ባለሙያዋ ብክነት ፈርታ ነው። ያም ሆኖ ልጅ ከደጅ መመለስ የለበትም፤ ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፈት። ስንት ሰዓት በእግር የሄደች እናት ነገ ላትመለስ ትችላለች። እርስዎ ግን የክትባት ቀኑ መቼ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከጎረቤት እናቶች ጋር ሆነው ይሂዱ። ካርዷንም አይርሱ።

«ተማሪ ነኝ፣ አራት ኪሎ። የአንድ ወረዳ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ አየሁ። እንዴት ይሆናል?»

ጎበዝ! የተከተቡት ልጆች የሚካፈሉት ወረዳው ውስጥ «አሉ» ተብለው በተገመቱ ሕጻናት ቁጥር ነው። ግምቱ ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ የተሰላ ነው፤ ከእውነተኛው ቁጥር ካነሰ ሽፋኑ ከመቶ ያልፋል። ከጎረቤት ወረዳ የመጡ ልጆችም አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቤት ለቤት የሚደረገውን ጥናትም እይ። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት 43 በመቶ ነበሩ። እዚያ ጠያቂዎቹ መጀመሪያ የሚሉት «ካርዱን አምጪ» ነው። ካርድ ከሌለ የእናትየዋን ቃል ይመዘግባሉ፤ ቃል ደግሞ ይረሳል። ይህን ካርድ ካርድ የምለው ለዚህም ነው። አንድ ወረዳ ስታጠና ፔንታ የሚባለውን (አምስት በሽታ የሚከላከለውን፣ በሦስት ዙር የሚሰጠውን) ክትባት አንደኛ ዙር ጀምረው ሦስተኛው ላይ ያልደረሱት ስንት እንደሆኑ ፈልግ። ጀምረው ያቋረጡት ልጆች እነሱ ናቸው።

«ልጄ ከተከተበች 3ኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ አላት፣ ጡትም አልወስድ ብላለች።»

ለዚህ በስልክ መልስ አልሰጥም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ካርዷን ይዘሽ።