ፕሮግራሙ የት እንዳለ ኮምፒውተሩን ጠይቁት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል፣ በኮምፒውተር ላይ የተጫነን ፕሮግራም እንዴት ያገኘዋል? ካገኘው በኋላስ እንዴት አስነሥቶ ያሠራዋል? ምልክቱን በማውስ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ለሚከፍት ሰው ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ማንም በአጠገቡ ሳይኖር ሌሊት ለሚሠራ ስክሪፕት ግን ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠዋት ላይ «ሪፖርቱ አልወጣም» ተብሎ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ የምመለከተውም ይህንኑ ነው።

አንድ ተጨባጭ ሥራ ይዘን እንሂድ። በአንድ ፎልደር ውስጥ የተከማቹ ደብዳቤዎችን ሊብሬኦፊስ በሚባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ እንፈልጋለን። ሊብሬኦፊስን የመረጥሁት ነጻ ስለሆነ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ስለሚሠራ፣ መስኮት ሳይከፍት ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ከትእዛዝ መስመር ስለሚታዘዝም ነው። የሚታዘዘው ፋይል «ኤስኦፊስ» ይባላል። ስክሪፕታችን ይህንን ፋይል ማግኘት አለበት።

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ይፈልጋል፤ ሲ ድራይቭ፣ ከዚያ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ከዚያ ሊብሬኦፊስ ብሎ ሙሉ አድራሻውን ገልብጦ በስክሪፕቱ ውስጥ ይጽፈዋል። ይሠራለታል። የጎረቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲወሰድ ግን ይቆማል። ባለ 32 ቢት ዝርያ የተጫነበት ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ፕሮግራሙ ያለው በሌላው፣ መጨረሻው ላይ «ኤክስ 86» በተጻፈበት ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ራሱ በሌላ ድራይቭ ላይ ሊሆን ይችላል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ለራሱ ብቻ የሚጭናቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ እነዚህ የሚቀመጡት በተጠቃሚው የግል ፎልደር ሥር ነው። የሊብሬኦፊስ ፎልደር ስም እንኳ በአምስተኛው ትውልድ ጊዜ 5 ቁጥርን ይዞ ነበር፤ በኋላ ቁጥሩ ተነሣ። ያን ጊዜ አድራሻውን በእጃቸው የጻፉ ሰዎች ስክሪፕታቸው አንድ ፊደል ሳይቀየር ሥራውን አቆመ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ አድራሻውን አትገምቱ፣ አትገልብጡም። ኮምፒውተሩ መልሱን ያውቃል፤ ጠይቁት። መልሱ «የለም» ከሆነ ደግሞ ስክሪፕቱ በግልጽ ቋንቋ ተናግሮ ይቁም።

የመጀመሪያው የመጠየቂያ መንገድ ፓዝ የምንለው ነው። ፓዝ የፎልደሮች ዝርዝር ነው። ስም ብቻ ስትጽፉ ሥርዓቱ ዝርዝሩን በቅደም ተከተል ይፈትሻል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያሠራል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ በስፋት የተሠራጨው እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ (ሊኑክስ አርአያ ያደረገው ሥርዓት) እትምና ከትእዛዝ ተቀባዩ ከቦርን ሼል ጋር ነው። አሁንም በየቀኑ ይሠራል። በሊኑክስ ላይ «ኮማንድ» የሚለውን ቃል ከአማራጩ «ቪ» ጋር ብትጠቀሙ፣ በድሮው የዊንዶውስ ትእዛዝ መስመር ላይ ደግሞ «ዌር» ብትሉ ፋይሉ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

ነገር ግን ፓዝ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ ሊብሬኦፊስን ከስርጭቱ (ከምትጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት) የፕሮግራም ማከማቻ ስትጭኑ ትእዛዙ ፓዝ ውስጥ ይገባል። በዊንዶውስ ላይ ግን ጫኚው ፓዝን አይነካም። ስለዚህ ያው ትእዛዝ በአንዱ ሠርቶ በሌላው «አላውቀውም» ይባላል፤ ሰውየውም ፕሮግራሙ አልተጫነም ብሎ እንደገና ሊጭን ይነሣል። ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው የዊንዶውስ ትእዛዝ መስመር ከፓዝ በፊት ያላችሁበትን ፎልደር ይፈትሻል። አንድ ሰው በዚያ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካስቀመጠ የሚነሣው የእሱ ነው። አዲሱ የዊንዶውስ ትእዛዝ መስመር ፓወርሼል ይህን አውቆ ከልክሏል፤ ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ዘንበል ያለ መስመር ካልጻፋችሁ አያሠራላችሁም።

ዊንዶውስ ሁለተኛ መዝገብ አለው። ክሮም በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስመር ከፍታችሁ «ክሮም» ብላችሁ ብትጽፉ አይታወቅም ትባላላችሁ። ከፊቱ «ስታርት» ጨምራችሁ ብትጽፉ ግን ይከፈታል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት በሬጂስትሪ ውስጥ «አፕ ፓዝስ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ጫኚዎች የፕሮግራሙን ስምና ሙሉ አድራሻ እዚያ ይመዘግባሉ። «ስታርት» እና የ«ራን» ሳጥን ይህንን መዝገብ ያያሉ፤ ተራው የትእዛዝ ፍለጋ አያየውም። ስክሪፕታችሁም ቁልፉን በቀጥታ ማንበብ ይችላል። ለመላው ኮምፒውተር ከተመዘገበው በተጨማሪ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተመዘገበ ስላለ ሁለቱንም አንብቡ።

ሦስተኛው መዝገብ የፕሮግራም ማራገፊያ ዝርዝር ነው። እዚህ ስም፣ የዝርያ ቁጥርና አንዳንዴም የተጫነበት ቦታ ይገኛል፤ አንዳንዴ ያልሁት ብዙ ጫኚዎች ያንን መስመር ባዶ ስለሚተዉት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች የራሳቸው የተለየ ቅርንጫፍ አላቸው። ይህን ዝርዝር ለማግኘት ስትሉ ስለ ኮምፒውተሩ መረጃ በሚጠየቅበት የዊንዶውስ አገልግሎት፣ በዳብሊውኤምአይ በኩል «ዊን 32 ፕሮዳክት» የሚለውን ክፍል እንዳትጠይቁ አደራ እላለሁ። ያ ጥያቄ ማንበብ ብቻ አይደለም፤ በኤምኤስአይ፣ በዊንዶውስ በራሱ የመጫኛ ዘዴ፣ የተጫነውን እያንዳንዱን ፕሮግራም ጤንነት ይመረምራል፣ ጉድለት ያየበትንም ለመጠገን ይነሣል። ብዙ ሰው ሲጠቀምበት አያለሁ፤ ዝርዝር ለማየት ብሎ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር መነካካት ተገቢ አይደለም።

በማክ ነገሩ ይቀላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የማይለወጥ መለያ አለው፤ «ኦፕን» የሚለው ትእዛዝ በስሙ ወይም በመለያው ፈልጎ ያነሣዋል። በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ «ዶት ዴስክቶፕ» የሚባሉት ትንንሽ የጽሑፍ ፋይሎች የእያንዳንዱን ፕሮግራም ማስነሻ ትእዛዝ ይዘዋል። ፕሮግራሙ በፍላትፓክ፣ ለብቻው ታሽጎ በሚጫንበት ዘዴ፣ ከተጫነ ግን በተለመደው ስሙ ፓዝ ላይ አይገኝም፤ በመለያው መጥራት ያስፈልጋል።

አገኘነው እንበል። አሁን ማስነሣቱ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ፕሮግራም ፋይልስ» በሚለው ስም መካከል ክፍት ቦታ አለ። አድራሻው በጥቅስ ውስጥ ካልገባ ዊንዶውስ መጀመሪያ በሲ ድራይቭ ሥር «ፕሮግራም» የሚባል ማስፈጸሚያ ፋይል ይፈልጋል፤ ካገኘ ያንን ያሠራል። ይህ ጥቅስ በሌላቸው የሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) አድራሻዎች ላይ የሚታወቅ የደኅንነት ቀዳዳ ነው። በጥቅስ ስታስገቡትም «ስታርት» የራሱ ጠባይ አለው፤ የመጀመሪያውን በጥቅስ ያለ ነገር እንደ መስኮት ርእስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከአድራሻው በፊት ባዶ ጥቅስ መስጠት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መጠበቅ አለ። ፓወርሼል ባለ መስኮት ፕሮግራም ሲያስነሣ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ የማክ «ኦፕን»ም እንዲሁ። ካልነገራችኋቸው ፒዲኤፉ ሳይጻፍ ስክሪፕቱ ወደ ቀጣዩ መስመር ሄዶ የሌለ ፋይል ሊልክ ይሞክራል። ሁለቱም የመጠበቂያ አማራጭ አላቸው፤ ተጠቀሙበት። ሊብሬኦፊስ ደግሞ አንድ የራሱ ነገር አለው። ሠራተኛው ከፍቶት ሳለ ስክሪፕቱ በዚያው የተጠቃሚ ፕሮፋይል (ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ቅንብሮች በሚያስቀምጥበት ፎልደር) ቢጠራው ምንም ፒዲኤፍ ሳይወጣ፣ ምንም ስሕተት ሳይነገር ሊያልቅ ይችላል። መፍትሔው ለስክሪፕቱ የተለየ ፕሮፋይል መስጠት ነው። ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር፣ የመውጫ ኮዱ፣ ዜሮ (ተሳክቷል ማለት ነው) መሆኑም አያጽናናችሁ፤ ፋይሉ መኖሩን፣ ባዶ አለመሆኑንም አረጋግጡ።

ሌሊት በተያዘለት ሰዓት የሚሠራ ከሆነ አካባቢው ይለወጣል። በሊኑክስ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሣው የክሮን ፓዝ በጣም አጭር ነው፤ በእጃችሁ ስትሞክሩት የሠራው ትእዛዝ እዚያ ላይገኝ ይችላል። በዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ማንም ሳይገባ የሚሠሩ ሥራዎች የሚካሄዱት ከተጠቃሚው በተለየ ክፍለ ጊዜ (ሴሽን)፣ ቁጥሩ ዜሮ በሆነው ነው። እዚያ የሚከፈት መስኮት ለማንም አይታይም። «እሺ» እስኪባል የሚጠብቅ አንዲት የመልእክት ሳጥን ከወጣች ስክሪፕቱ እስከ ጠዋት ተገትሮ ያድራል። የጊዜ ገደብ ስጡት።

አሁን በተለይ ለእኛ ወደሚሆነው ልምጣ። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የዊንዶውስ የኮድ ገጽ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ) አሠራር ለፊደላችን የተመደበ ገጽ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የተጠቃሚው ስም «ከበደ» ተብሎ በፊደላችን ከተጻፈ የግል ፎልደሩም «ከበደ» ይባላል፤ በድሮው አሠራር የተጻፈ ፕሮግራም ያንን አድራሻ ሲያነብ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያያል። ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» የሚባለው ለዚህ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት የሌለውን ስክሪፕት በዩቲኤፍ 8፣ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ አያነበውም። በውስጡ የጻፋችሁት አማርኛ ይበላሻል። ፋይሉን ከምልክቱ ጋር አስቀምጡ፣ ወይም ወደ ፓወርሼል 7 ተሻገሩ።

«የተጠቃሚውን ስም በላቲን ጻፉና ተገላገሉ» የሚል ምክር በየቢሮው እሰማለሁ። አልቀበለውም። ሰው በገዛ ፊደሉ ስሙን ጽፎ ኮምፒውተሩን የመጠቀም መብት አለው፤ መታረም ያለበት ስክሪፕቱ ነው። ለሊኑክስ ሰርቨርም ያው ነው፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፎንት ካልተጫነበት ልወጣው በሰላም ተጠናቆ ደብዳቤው በባዶ ሣጥኖች የተሞላ ሆኖ ይወጣል። ስክሪፕታችሁ ሊብሬኦፊስን እንደፈለገ ፎንቱንም ይፈልግ፤ ከሌለ ሥራውን ሳይጀምር ይናገር።

በመጨረሻም በዚህ አዳራሽ ላላችሁ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለሱቅ ሶፍትዌር ለምትሠሩ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጫኚያችሁን ስታዘጋጁ ፕሮግራማችሁን በአፕ ፓዝስ አስመዝግቡት። በማራገፊያ ዝርዝሩ ላይ የተጫነበትን ቦታና የዝርያ ቁጥሩን ሙሉ። ለሊኑክስ ከሠራችሁት የዴስክቶፕ ፋይሉን አትርሱ። ሥራው ሲከሽፍ ከዜሮ የተለየ የመውጫ ኮድ ይመልስ፤ ሰው በሌለበት ሲጠራም የመልእክት ሳጥን አያውጣ። ይህን ለመሥራት ብዙ ጊዜ አይፈጅባችሁም፤ ፕሮግራማችሁን ከሌላ ሥራ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሁሉ ግን በዚህ ይጠቀማል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ እዚሁ አብረን አንድ ጫኚ እንፈትሻለን፤ የራሳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከእናንተው እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።